ቆጣሪ የሌለው ውሃ

ሠላሳ አንድ ዓመት ውሃ ሳነብ ኖርኩኝ፤
የሰው በር አንኳኳሁ፣ ከሰው ውሻ ሮጥኩኝ።
ባሕር ዳር ከተማ፣ ከዘንባባው ግርጌ፣
ጎንበስ ብዬ ጉድጓድ፣ ክዳኑን ፈልጌ፣
ቁጥሩን ከነአቧራው በመዳፌ ጠርጌ
ጻፍኩኝ በደብተሬ፦ ይኼ ቤት ይኽን ጠጣ፣
ያኛው ቧንቧው ፈሶ ዕዳ ይዞ መጣ።
ሐይቁ ግን ሁልጊዜ ከጀርባዬ ነበር፣
እጅ ነሥቼው እንደማልፍ የጎረቤት በር።

ጡረታ ስወጣ ሸለሙኝ የግድግዳ ሰዓት፣
ጥቂት ብር በፖስታ፣ የስንብት ራት።
ብሩን ቆጠርኩና አልኳት ለባለቤቴ፦
«ሦስት ሌሊት ብቻ፣ ዘጌ ልደር፣ እቴ።»
«ምን ጎድሎህ?» አለችኝ፣ ምስር እየለቀመች፤
«ማዶ እኮ ነው፣ ማዶ!» ሳቀች፣ ደግማ ሳቀች።
«ሰው ከቤቱ ወጥቶ፣ ተከራይቶ አልጋ፣
ቤቱን ከሩቅ ሊያይ? በል እስቲ ይንጋ!»

አጉማስ የጀልባውን ሞተር ቀስቅሶ አየኝ፤
«ጋሼ፣ እንግዳ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ።
«አዎ» አልኩት። ዋሸሁ? እኔ እንጃ። ግን ውሃው
ከፊት ሲሰነጠቅ፣ ሲገጥም ከኋላው፣
ሳየው ነው የገባኝ፣
ስም ብቻ እንደማውቀው።

የይታይሽ ማረፊያ አምስት ክፍል አለው፤
አራቱ ባዶ ነው፣ አንደኛው የኔ ነው።
ቁልፉን አስራዋለች በዋንዛ ስባሪ፣
በኪስ ተወሽቆ እንዳይሆን ከተማ ኗሪ።
ከምግብ ቤቱ ግድግዳ ፎቶ ተለጥፏል፦
ጥቁር ውሃ፣ ገደል፣ ጫፉ ላይ በረዶ ተነጥፏል።
«የኖርዌይ ሰው ነበር» አለችኝ ይታይሽ፤
«‹ሰፈሬ ይኸ ነው› አለኝ፣ ‹ላንቺው ይሁንሽ›።
ይኽን የመሰለ ውሃ ደጁ እያለ፣
እዚህ ምን ልታይ ነው? ብለው፣ ሳቀና ዝም አለ።»
እኔም ዝም አልኩኝ። መዝገቡን አመጣች፤
«አድራሻ» በሚለው ባሕር ዳር ስጽፍ አየች፤
የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ሳቋን አስቀረች።

ቆሮሶው ቀረበ፣ ጥብሱ ከነጭራው፣
ጎኑን ስድስት ቦታ ሸንትሮት ቢላው፤
ዳጣው በስኒ ማስቀመጫ፣ ሎሚው ከጓሮ፣
ዳቦው በኮባ ደም ሥር ሆዱ ተነቅሶ አምሮ።
እሾኹን ስለቅም፣ ጣቴን ስልስ፣ አልኩኝ፦
ስንት ዓሣ በልቼ ነው ሐይቁን ሳላይ የኖርኩኝ?

ጸጥታ ፍለጋ ነው። ግን ጸጥታ የታለ?
እንቁራሪት ጉባኤ ላይ፣ ጉማሬ ደንገሉን ቅርጥ አለ፤
ማዕበል የጀልባ ሆድ ይመታል በጥፊ፣
የሾላ ፍሬ ቆርቆሮው ላይ፣ ጠብ፣ እንቅልፍ ገፋፊ።
ጆሮዬ ግን ዐረፈ። ምክንያቱን ሳጣራው፣
የማንም ቧንቧ አልነበረም የሚያንጠባጥበው።

በሁለተኛው ማታ በረንዳ ላይ ወጣሁ፤
ከውሃው ማዶ ጫፍ መብራት ተበትኖ አየሁ።
ከቴሌው ማማ ቀይ ወደ ግራ ሦስት ጣት ለክቼ፣
«ቤቴ ይኸ ነው» አልኩኝ፣ ክንዴን ዘርግቼ።
ደወልኩላት።
«የደጁን አምፖል አጥፊና መልሰሽ አብሪ።»
«ጤና የለህም እንዴ?»
ግን ሰማሁ፣ ጫማዋ ሲጎተት፣ ማብሪያው ቀጭ፣
ደግሞ ቀጭ።
ከዚያ ሁሉ መብራት የቱ ጠፍቶ እንደ በራ አልለየሁም።
«አየኸው?» አለች።
«አየሁሽ» አልኩ።

ሊነጋጋ ሲል ወረድኩ ከድንጋዩ ዳር፤
የድሮው ደብተሬ አብሮኝ መጥቶ ነበር።
ጎንበስ አልኩ፣ ወገቤ ልማዱን አልተወም፤
ክዳን የለው፣ መስታወት የለው፣ ቁጥር የለውም።
ጻፍኩኝ፦
የደንበኛ ስም፦ ጣና።
የቀድሞ ንባብ፦ ዜሮ።
የአሁን ንባብ፦

እዚህ ላይ አንድ ሻላ ከፊቴ አረፈ፤
ሞገዱ እግሬን አልፎ ገጹ ላይ አረፈ፣
ከስሙ ጀምሮ ቀለሙን አጠፋ።

አጉማስ ከጀልባው «ጋሼ፣ እንሂድ?» አለኝ፤
የሞተሩን ገመድ ጠቅልሎ ጨብጦ።
«ቆየኝ እንጂ» አልኩት።
«ገና ማንበቤ ነው።»